ከፀሐይ መከላከያ ክሬም ሥር የሚቀባ የአረንጓዴ ሻይ ጄል፦ አዘገጃጀትና አጠቃቀም

የካሮት ዘር ዘይት «ኤስፒኤፍ 40» (ኤስፒኤፍ ቆዳን ከሚያቀላ የፀሐይ ጨረር የመከላከል ልክ ነው) አለው፣ የራስበሪ ዘር ዘይት ደግሞ «እስከ 50» ይደርሳል የሚል ወሬ በየቦታው ይዞራል። የኮኮናት ዘይት 7፣ የወይራ ዘይት 7 ተኩል የሚለውም አለ። የኋለኞቹ ቁጥሮች እንኳ መነሻ አላቸው፤ በ2010 ሕንድ ውስጥ ከታተመ የላቦራቶሪ ልኬት የተወሰዱ ናቸው። ልኬቱ ግን የተሠራው ዘይቱን በአልኮል አቅጥኖ፣ በትንሽ የመለኪያ ዕቃ ውስጥ ብርሃን በማሳለፍ ነው። የክሬም ኤስፒኤፍ የሚለካው እንዲህ አይደለም። በሰው ቆዳ ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ይቀባና ቆዳው እስኪቀላ የፈጀው የጨረር መጠን ካልተቀባው ቆዳ ጋር ይነጻጸራል። ፊት ላይ የተቀባ ስስ ዘይት በዚህ ሚዛን ከምንም አይቆጠርም።

ታዲያ ዕፅዋት ጥቅም የላቸውም ማለት ነው? አላቸው፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ጨረሩን ከላይ የሚያስቀር አንድ ነገር ነው፤ አልፎ የገባው ጨረር ቆዳ ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚቀንስ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ሥራ ዚንክ ኦክሳይድን፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድንና በፋብሪካ የሚሠሩ ማጣሪያዎችን የሚተካ የጓዳ ቅጠል የለም። ኤስፒኤፍ 30 የሆነ የዚንክ ክሬም ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ገደማ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ቤት ውስጥ በተዘፈዘፈ ሻይ ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር ግን ከ100 አንድ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ የአረንጓዴ ሻይ ዋና ንጥረ ነገር፣ ኢጂሲጂ የሚባለው፣ ጨረርን አጥብቆ የሚይዘው የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 275 ናኖ ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው፤ ምድር የሚደርሰው የፀሐይ ጨረር ደግሞ የሚጀምረው ከ290 ገደማ ነው። እንደ ማጣሪያ ከታሰበ የሚይዘው የማይመጣውን ጨረር ነው።

በሁለተኛው ሥራ ግን አረንጓዴ ሻይ በሰው ቆዳ ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ውጣጩ (ከቅጠሉ የወጣው ፍሬ ነገር) ከጨረሩ 30 ደቂቃ ቀድሞ ሲቀባ ቆዳው የሚቀላው ያነሰ፣ የሴሎቹም ዲኤንኤ ጉዳት የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ቦታው ከክሬሙ ሥር ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር 100 ግራም ጄል ያወጣል።

ለምን ሌላ ቅጠል አልተመረጠም

ጥሬ ቡና ያጓጓል፤ በውስጡ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ 325 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር በደንብ ይይዛል። ቤት ውስጥ ሲዘፈዘፍ ግን ፕሮቲኑና ስኳሩ አብሮ ስለሚወጣ ቶሎ ይቦካል፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለወጣል። የሽፈራው ቅጠልም በዚያው መንገድ ይበላሻል። የእሬት ዝልግልግ የተቃጠለ ቆዳን ያቀዘቅዛል እንጂ ጨረር አይከለክልም፤ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ሳይንጠፈጠፍ ከተቀባ ጭራሽ ያሳክካል። አገራችን ውስጥ ብዙ ዓይነት እሬት ስላለ በየሜዳው የሚገኘው ሁሉ በፋብሪካ ክሬም ላይ የሚጻፈው «አሎ ቬራ» እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ጥቁር ሻይ ደግሞ ሲዘጋጅ ስለሚብላላ አብዛኛው ካቴኪን (ኢጂሲጂ የሚመደብበት የንጥረ ነገር ዓይነት) ወደ ሌላ ነገር ተለውጧል፤ ቆዳና ልብስም ያቀልማል።

በምንም መልኩ የማይጨመሩ አሉ፦ የሎሚ ጭማቂና የልጣጭ ዘይት፣ ጤና አዳም፣ የበለስ ዛፍ ወተት (ቁልቋል በለሱ ሳይሆን ሰፊ ቅጠሉ)፣ የሰለሪና የፓርስሊ ጭማቂ። እነዚህ ፉራኖኮማሪን የሚባል ነገር አላቸው። ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ልክ እንደ ፈላ ውሃ ያቃጥላል። አታላይነቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውሃ ይቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ፊትን በሎሚ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ማድያት ያጠፋል የሚለው ምክር ውጤቱ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አረንጓዴ ሻይ ቅጠል፣ ሎሚ፣ ጃስሚን ወይም ሌላ ማጣፈጫ ያልገባበት፦ 12 ግራም
- ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ፦ 150 ግራም ለመዘፍዘፊያ፣ ሌላ 30 ግራም ያህል ለማሟሟያ
- ግሊሰሪን፦ 5 ግራም
- ዛንታን ጋም (ማወፈሪያ ዱቄት)፦ 1 ግራም
- ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ፦ 0.1 ግራም
- ሲትሪክ አሲድ፣ በ10 ከመቶ የተበጠበጠ፦ እስከ 0.5 ግራም
- ማቆያ (ጀርም እንዳይራባ የሚያደርግ)፣ ፌኖክሲኢታኖልና ኤቲልሄክሲልግሊሰሪን ተደባልቀው የሚሸጡት፦ 1 ግራም

ሚዛኑ 0.1 ግራም የሚለይ ዲጂታል መሆን አለበት። የጓዳ ሚዛን አንድ ግራምን ሊስት ስለሚችል ማቆያው ወይ እጥፍ ይሆናል ወይ ከነጭራሹ አይበቃም። 0.1 ግራም ኢዲቲኤ ግን በዚህም ሚዛን አይታመንም፤ 1 ግራሙን በ19 ግራም ዲስትልድ ውሃ አሟሙተው ከዚያ 2 ግራም ይውሰዱ። ሲትሪክ አሲዱንም 1 ግራሙን በ9 ግራም ውሃ ይበጥብጡ። ቴርሞ ሜትር፣ ፒኤች (የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) መለኪያ ወረቀት፣ ሻሽ፣ የቡና ማጣሪያ ወረቀት፣ 70 ከመቶ አልኮልና በፓምፕ የሚገፋ ጥቁር ወይም ብርሃን የማያስገባ ጠርሙስ ያዘጋጁ። አፈ ሰፊ ዕቃ አይሁን፤ ጣት በገባ ቁጥር ጀርም ይገባል።

የቧንቧ ውሃና የብረት ድስት አይጠቀሙ። የሻይ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ግራጫና ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ይሆናል፤ በዱሮ ጊዜ የጽሕፈት ቀለም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። መስታወት ወይም ጥሩ የማይዝግ ዕቃ ይሁን።

ውጣጩን ማውጣት

መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ በሳሙና አጥበው፣ በፈላ ውሃ አለቅልቀው፣ አልኮል ረጭተው ያድርቁ። በፎጣ አይወልውሉት።

ውሃው 80 ዲግሪ ሲሆን ቅጠሉን ይጨምሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከእሳት ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ወደሚፈለገው ይወርዳል። ዝቅ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ፣ ረዘም አድርገው ይጠብቁ። በቴርሞ ሜትር ማረጋገጡ ይሻላል። ከድነው 10 ደቂቃ ያቆዩ፣ በመሃል ሁለት ጊዜ ያማስሉ። እንደ ጥቁር ሻይ ማፍላት ካቴኪኑን ይጎዳዋል፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ማቆየትም ከጥቅሙ ይልቅ ቀለሙንና ምሬቱን ያበዛል።

በመጀመሪያ በሻሽ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት ያጥልሉ። ሻሹን አይጭመቁ። የሚጨመቀው ደቃቅ ብናኝ በወረቀት አያልፍም፣ ያለፈውም ከጊዜ በኋላ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፣ ለጀርምም ምግብ ይሆናል። ቅጠሉ ከክብደቱ ሦስትና አራት እጥፍ ውሃ ስለሚይዝ የሚወጣው 100 ግራም ገደማ ነው። ለጄሉ የሚያስፈልገው 90.5 ግራም ነው፤ ከጎደለ ቅጠሉ ላይ ትንሽ ሙቅ ዲስትልድ ውሃ አፍስሰው ያሟሉ።

ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ወደ ወርቃማ የሚያደላ መሆን አለበት። ገና ከጅምሩ ቡናማ ከሆነ ሻይው አርጅቷል፤ በሌላ ፓኬት ይጀምሩ እንጂ በማቆያ አይድንም።

አሲዱን ማስተካከል

ይህን እርምጃ ለነገ አያሳድሩ። ኢጂሲጂ ፒኤቹ ወደ 7 በቀረበ ውሃ ውስጥ በሰዓታት ይበላሻል፤ ከ5 በታች ግን ረጋ ብሎ ይቆያል። ውጣጩ ገና ሞቅ እንዳለ የተሟሟውን ኢዲቲኤ 2 ግራም ይጨምሩ፤ በዓይን የማይታየውን ብረትና መዳብ ይዞ ያስቀምጣል። ከዚያ ሲትሪክ አሲዱን በጠብታ እያደረጉ፣ በየጠብታው እያማሰሉ፣ ፒኤቹን ከ4.5 እስከ 5 ያድርሱ። የሻይ ቀለም ወረቀቱን ስለሚያቀልመው የተነከረውን መሃል ሳይሆን እርጥበቱ የደረሰበትን ጠርዝ ያንብቡ። ከ4 በታች ከወረደ ፊት ሊያቃጥል ይችላል፤ በሶዳ አይመልሱት፣ አሲድ ካልገባበት ትርፍ ውጣጭ ይጨምሩበት።

ቫይታሚን ሲ ቢጨመርበት የሚል ሐሳብ የብዙ ሰው ነው። በመርሕ ደረጃ ጥሩ ጥምረት ነው፤ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢና ፌሩሊክ አሲድ አንድ ላይ ሲሆኑ የጨረርን ጉዳት እንደሚቀንሱ ይታወቃል። ቤት ውስጥ ግን ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ በቀናት ቡናማ ይሆናል። በተለይ ማቆያዎ ሶዲየም ቤንዞኤት ከሆነ ፈጽሞ አያገናኟቸው፤ ሁለቱ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኙ ቤንዚን የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሊፈጥሩ ይችላሉ። (የመኪናው ቤንዚን ሳይሆን በስም የሚመሳሰለው ኬሚካል ነው።)

ማወፈርና ማቆያ

ዛንታን ጋም በቀጥታ ውሃ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል፤ ውስጡ ደረቅ የሆነ ቋጠሮ ይሠራና ቀኑን ሙሉ ቢመቱትም አይሟሟም። ስለዚህ 1 ግራሙን ከ5 ግራም ግሊሰሪን ጋር በደረቅ ማንኪያ አሽተው ለጥ ያለ ሊጥ ያድርጉት። ውጣጩን በፍጥነት እያዞሩ ሊጡን በቀጭኑ ያፍስሱ። መጀመሪያ ቀጭን ይመስላል፤ ዛንታን አይጨምሩ። 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይወፍራል። በኤሌክትሪክ መምቻ ከተመታ አየር ይገባበትና አረፋው አይወርድም፤ የእጅ መምቻ ይበቃል።

ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን 1 ግራም ማቆያውን ጨምረው ሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ፌኖክሲኢታኖል በአውሮፓ ሕግ ከ1 ከመቶ መብለጥ የለበትም፤ «ለማንኛውም» ብሎ መጨመር ቆዳ ከማስቆጣት ሌላ ትርፍ የለውም። ማቆያ አልፈልግም ያለ ሰው ደግሞ ጄሉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ በሁለት ቀን ይጨርስ። ውሃ፣ ቅጠልና የክፍል ሙቀት ከተገናኙ ሻጋታ እንግዳ አይደለም፤ ባክቴሪያው ደግሞ ለዓይንም ለአፍንጫም ሳይታወቅ ነው የሚራባው።

ከድነው ሌሊቱን ያሳድሩ፣ አረፋው ይወጣል። ጠዋት ፒኤቹን ደግመው ለክተው ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና ቀኑን ይጻፉበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ሳምንት ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ የተረፈውን ይድፉ።

ምን ሊበላሽ ይችላል

ሲቀዘቅዝ ዳመን ካለ አይደንግጡ። ካፌይኑና ፖሊፌኖሉ (ካቴኪንን የመሰለው ንጥረ ነገር) ተያይዘው ነው፤ ጠንከር ያለ ሻይ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚደፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጄሉ ግራጫ ወይም ጥቁር ካለ ብረት ነክቶታል፤ ውሃውን ወይም ዕቃውን ይመርምሩ። በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቡናማ ከሆነ ወይ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ነበር፣ ወይ ጠርሙሱ ብርሃን ያስገባል። አይመርዝም፤ ግን ጥቅሙ እየሄደ ነው።

የኮመጠጠ ሽታ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚተነፍስ ጋዝ፣ ወይም አንድ ቀን ወፍራም የነበረው በድንገት እንደ ውሃ መቅጠን የጀርም ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ሽቶ ተጨምሮበትም ሆነ እንደገና ተፈልቶ አይድንም፤ ይደፋል።

አቀባብ

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ትንሽ ጄል በክንድዎ ውስጠኛ ጎን ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ካሳከከ ወይም ሽፍታ ካወጣ ፊትዎ ላይ አያድርሱት።

ፊትና አንገት በታጠበና በደረቀ ጊዜ የሽሮ ማንኪያ ሳይሆን የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ጄል ይበቃል። በስሱ ይቀቡና እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ይስጡት፤ ጊዜ ካለ ከቤት ከመውጣትዎ 30 ደቂቃ በፊት ይሁን። ሳይደርቅ ክሬም ከተደረበበት፣ ወይም ጄሉ ከበዛ፣ ዛንታኑ ከክሬሙ ጋር ፍርፍር እያለ ይጠቀለላል። የተጠቀለለው ክሬም ከቆዳ የተነሣ ክሬም ነው፤ መልኩ ብቻ ሳይሆን መከላከያውም ተነሥቷል።

ጄሉንና ክሬሙን መዳፍ ላይ ቀላቅሎ መቀባት ትልቁ ስሕተት ነው። ክሬሙ ይቀጥናል፣ ዘይትና ውሃው የተያያዙበት ይፈርሳል፣ ዚንኩ በየቦታው ይጓጉላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 50 ከዚያ በኋላ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዚንክ ዱቄት ገዝቶ ቅባት ላይ መበጥበጥም ይኸው ነው። ፋብሪካው ዱቄቱን በከባድ ማሽን በታትኖ በልኬት ያረጋግጣል፤ በማንኪያ የተበጠበጠው ግን ነጭ ሆኖ ቢታይም በመሃሉ ጨረር የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል።

ከላይ የሚደረበው ክሬም ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ «ብሮድ ስፔክትረም» (ሁለቱንም ዓይነት አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ዩቪኤንና ዩቪቢን፣ የሚከላከል) የሚል ይሁን። 15 ወደ 93 ከመቶ፣ 30 ወደ 97 ከመቶ፣ 50 ወደ 98 ከመቶ የሚሆነውን አቃጣይ ጨረር ያስቀራል፤ ይህ ግን በቂ ሲቀባ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚቀባው የሚገባውን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የተጨመቀ ክሬም ያስፈልጋል። በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ሲበዛ ወይም ከዋና ሲወጡ ቶሎ ይደገማል። የሚደገመው ክሬሙ ነው፤ ጄሉ የጠዋቱ ይበቃል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። የአዲስ አበባ፣ የደብረ ብርሃን ወይም የደሴ ነፋሻ አየር ስለማያቃጥል ፀሐይዋ ለስላሳ ትመስላለች፤ ቆዳ የሚጎዳው ግን በጨረሩ እንጂ በሙቀቱ አይደለም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ባርኔጣ፣ ጥላና ጥቅጥቅ ያለ ልብስ ከክሬሙ ጋር አብረው ያስፈልጋሉ።

ማድያት ላለበት ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ነው። ተራው ነጭ ወይም ቀለም አልባ ክሬም ይህን ብርሃን አያስቆምም፤ አረንጓዴ ሻይም አያስቆምም። የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ቀለም የገባበት፣ የቆዳ መልክ ያለው ክሬም ነው፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ መልክም አይተውም። በነገራችን ላይ የናሚቢያ ሂምባዎች ቅቤ ውስጥ ለውሰው የሚቀቡት ቀይ አፈር ከፀሐይ እንደሚከላከል በልኬት የታየው በዚሁ ብረት ኦክሳይድ ምክንያት ነው። ሥራውን የሚሠራው አፈሩ ነው፤ ቅቤ ብቻውን ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አይመልስም።

ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ጄሉም ክሬሙም አይሆንም፤ ጥላ ይያዝለት። አልቢኒዝም ወይም ሉፐስ ያለበት ሰው ክሬሙን፣ ልብሱንና የቆዳ ሐኪሙን ትቶ በቅጠል ላይ መተማመን የለበትም። ለወባ ወይም ለብጉር ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰውም ፀሐይ ከወትሮው ቶሎ ያቃጥለዋል።

ለመሸጥ ላሰበ

ጄሉ ላይ «ኤስፒኤፍ» ወይም «ከፀሐይ ይከላከላል» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ የሚለካ መከላከያ የለውምና። አሜሪካ ውስጥ የፀሐይ መከላከያ በሕግ የሚቆጠረው እንደ መድኃኒት ነው፤ በጓዳ ተሠርቶ በዚህ ስም በኢንተርኔት መሸጥ ሕግ መጣስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱ የሚጠየቀውም እዚያ ነው። መለያው ላይ የሚጻፈው «የአረንጓዴ ሻይ የፊት ጄል»፣ የገባበት ነገር ሁሉ በዝርዝር፣ የተሠራበት ቀን፣ «በማቀዝቀዣ ይቀመጥ» እና «የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይተካም» የሚል ነው።